«በነጻ» የተባለው ትኬት

ቅዳሜ ጠዋት ሊንከን ከተማ በሚገኝ የልብስ ማጠቢያ ቤት ማሪሴላ ኦንቲቬሮስ ልብሷ እስኪታጠብ ስልኳ ላይ የስድስት መቶ ዶላር ቴሌቪዥን ትመርጣለች። ከእሷ ቤት በታች የሚኖሩት አቶ ዋልተር ህሩስካ አንሶላቸውን ይዘው ገቡና ስልኳን አዩባት። አርባ ዓመት በእህል መጋዘን ሒሳብ ሲሠሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሰው ጉዳይ ውስጥ መግባትም ይወዳሉ።

«ቴሌቪዥን አለሽ አይደል እንዴ? እኔ እንኳ ከታች ሆኜ እሰማዋለሁ!»

«የፈለግሁት ነጥቡን ነው፣ አቶ ዋልተር። በዱቤ ካርዴ ለማወጣው ለእያንዳንዱ ዶላር ባንኩ አንድ ነጥብ ይሰጠኛል። ሃያ አምስት ሺህ ሲሞላ ከኤል ፓሶ የአውሮፕላን ትኬት በነጻ አገኛለሁ። እናቴ ለምርቃቴ ትመጣበታለች። ስድስት መቶ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ለዚህ ነጥብ ያልሆነችው የለም። ጓደኞቿ ፒዛ ሲበሉ ሒሳቡን በእሷ ካርድ ትከፍላለች፤ ድርሻቸውን በጥሬ ገንዘብ ይሰጧታል፤ ጥሬው ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው የት እንደገባ አይታወቅም። ካርዱ ላይ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ዶላር ዕዳ ተከምሯል።

«ዕዳስ የለብሽም?»

«አለብኝ። ግን አንድም ወር አሳልፌ አላውቅም። የሚጠይቁኝን ዘጠና አምስት ዶላር በቀኑ እከፍላለሁ።»

«የሚጠይቁሽ ትንሹን ነው፤ በቀረው ላይ ወለድ ይቆጥራሉ። ከእሱ ውስጥ ወለዱ ስንት ነው?»

መድኃኒት በጠብታ ስትለካ የምትውለው የነርስነት ተማሪ ማሪሴላ ይህን አንድ ቁጥር አይታው አታውቅም። እንዲህ ያለው ተማሪ ደግሞ ብዙ ነው። ተናደደች።

«እስቲ ይተዉኝ! እርስዎ ካርድ ይዘው ያውቃሉ? ዛሬ ያለ ካርድ ቤት እንኳ የሚያከራይ የለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። እህቴ የሞተች ጊዜ መኪና ልከራይ ሄጄ ካርድ የለህም ብለው መለሱኝ። ቀብሯ አመለጠኝ። ስለዚህ ቅደጂው አልልሽም። የወሩን በወሩ ጨርሰሽ የምትከፍይ ከሆነ ያዢው። ወለዱን ግን አንብቢልኝ።»

የካርዱን ሒሳብ ስልኳ ላይ ከፍታ አየች። «ስልሳ ሰባት ዶላር።»

«ትኬቱ በገንዘብ ቢገዛስ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና።» በስልኳ አሰላች። «የአምስት ወር ወለድ እንኳ አይሞላም! በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ላመጣት እችል ነበር።»

ቴሌቪዥኑን ሰረዘችው። ዓይኗ ግን እንባ አቀረረ።

«እናቴ 'ልጄ በነጻ ልታመጣኝ ነው' ብላ ለመሥሪያ ቤቷ ሰው ሁሉ አውርታለች። አሁን ምን ልበላት?»

«እውነቱን ነዋ፣ ልጄ።»

እዚያው ደወለች። ዕዳውን፣ ነጥቡን፣ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በአውቶቡስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ሃያ ስድስት።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ተቀምጬ ነው የምመጣው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጓደኞቿ ጥሬ ገንዘብ በዕለቱ ካርዱ ላይ ይገባል። ቅዳሜና እሁድ ተጨማሪ ሥራ ይዛ በዘጠና አምስቱ ፋንታ ሁለት መቶ ትከፍላለች። አምስት ዓመት ገደማ ሊጎተት የነበረው ዕዳ በአሥራ ዘጠኝ ወር ያልቃል፤ የሚተርፈው ወለድም የራሷ ነው።

ለምርቃቱ እናቷ እግሯ አብጦ ከአውቶቡስ ወረደች። ልጇን አቅፋ ሳመቻትና ጆሮዋ ሥር «ስንት ቀረሽ?» አለቻት።

ማሪሴላ ሳታፍር፣ እስከ መጨረሻዋ ዶላር ነገረቻት።