ፊልሙን ያላዩት ሽማግሌ

(እሁድ ከሰዓት፣ ጉለሌ፤ ትርሲት ከባሏ ከአንዱዓለም ተጣልታ ወላጆቿ ቤት ከገባች ወዲህ፣ የሠርጓ ሽማግሌ የነበሩት ጋሽ ወንድይፍራው ሊያስታርቁ መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል።)

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በፊልም ትዳር ይፈርሳል? ሰከረ? አልሰከረ። ተማታ? አልተማታ። ለአባትሽ ምን ልበል፣ “ፊልሙ አልጣመውም” ልበል?

ትርሲት፦ አይጣመው! መሃል ላይ ብድግ ብሎ “ይሄ ነገር ማለቂያም የለው” ብሎ ጮኾ፣ የሲኒማ አዳራሹን ሁሉ አስቆብኝ፣ ጥሎኝ ሄደ ነው ያልኩት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሽንት ቤት መስሎኝ።

ትርሲት፦ እኔም መስሎኝ ነበር። ለካ በመኪና የሚኬድበት ሽንት ቤት ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሰልችቶት ነዋ! ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ ሦስት ሰዓት ሙሉ የገዛ ቤቱን ሲያፈርስ ነው አሉ። ቤት ሲፈርስ ማየት ያማረው ሰው መንገድ ዳር በነፃ ያይ የለ?

ትርሲት፦ “ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች” አሉ። ማን ነገረዎት?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ራሱ አንዱዓለም። ኋላ በስልኩ አይቶታል፤ አንዱ ከአዳራሽ ቀድቶ የለቀቀውን።

ትርሲት፦ በስልክ! እያሳለፈ ነዋ! ዝም የሚባልበትንም አሳልፎታል?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ዝምታ የትም ቢታይ ዝምታ ነው።

ትርሲት፦ አይደለም። ግማሹ ሲያፏጭ፣ ግማሹ “ዝም በሉ!” ሲል ቆይቶ፣ ሰውየው የመጨረሻዋን ድንጋይ ሊያነሳ ሲጎነበስ አዳራሹ እርጭ አለ። ያፏጨውም ጭምር። የማላውቃት ሴትዮ እጄን ያዘችኝ። እጄን መያዝ የነበረበት እሱ ነበር ጋሼ። በጣም ነው የከፋኝ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ስትወጡስ?

ትርሲት፦ ጭቅጭቅ! አንዱ “ገንዘቤን መልሱ” ይላል፣ አንዱ ገና እንባውን ይጠርጋል። በር ላይ ከማላውቀው ሰው ጋር ስከራከር መሸ። ከአንዱዓለም ጋር በሰባት ዓመት የተከራከርነው የሪሞት ባትሪ ማን ይግዛ በሚለው ብቻ ነው። ቤት የምናየው ሁሉ የሚያስማማ ነው፤ ተስማምተን እንተኛለን።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ታዲያ ምን ይካስሽ?

ትርሲት፦ አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥ፣ እስከ መጨረሻው። ከፈለገ ይጥላው፣ ይስደበው። ብቻ አይቶ ይጥላ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይሄማ ቀላል ነበር። ግን ልቡ ስስ ነው፤ ከድንጋዩ ሥር ያቺ የሰውየው ልጅ ጫማ ስትወጣ አይችለውም።

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ስለ ጫማ እኔ መቼ ነገርኩዎት? በስልክ የሚዞረውም እዚያ ሳይደርስ ነው የሚቆረጠው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሰው ሲያወራ ሰምቼ...

ትርሲት፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ! ሳያዩ መፍረድ ነውር ነው ብዬ ትናንት ከባለቤቴ ከእትዬሽ ጋር ገባሁ።

ትርሲት፦ እና?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሷ መሃል ላይ ወጣች፤ እኔ ስነፈርቅ ቀረሁ። ይኸው “ለምን አብረኸኝ አልወጣህም” ብላ በሩን ቆልፋብኛለች። አንዱዓለምን ጎትቼ አመጣልሻለሁ፤ አንቺ ግን አሁኑኑ ነጠላሽን ልበሽና ሽማግሌ ሁኚልኝ።