«ታይቷል»፤ ማን አየው?

የመንገድ መሥሪያ ቤቱ አንጋፋ የንድፍ ገምጋሚ ምሳ ሊበሉ ወጥተው የምግብ ዝርዝሩን ቢያነሡት ፊደሉ ሁሉ የጉንዳን ሰልፍ ሆነባቸው። ደረት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ መነጽራቸው የለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ እንደ ነበሩ ትዝ አላቸውና «ሆዴ ትንሽ ይታገሠኝ» ብለው ወደ መሥሪያ ቤታቸው ተመለሱ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለ ተበላሸ ደረጃውን በእግራቸው ተያያዙት።

እኚህን ሰው በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ተቋራጮች ሠርተው የሚያመጡትን የመንገድ ንድፍ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያሳለፉ እሳቸው ናቸው፤ የሚያሳልፉትም «ታይቷል» የሚል የእንጨት እጀታ ያለው ማኅተም እየመቱበት ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሼ ታይቷል» ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ተቋራጭ እጅ መንሻ ይዞ ቢመጣ በዚያው ደረጃ ቁልቁል እንዳባረሩት አሁንም ይወራል። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ከዓይናቸው ይልቅ ማኅተማቸውን ያምናሉ።

የአዳራሹን በር ሲከፍቱ ወለሉ አይታይም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የንድፍ ሉህ ተነጥፎበታል። በመካከሉ ከሦስት ወር በፊት የተቀጠረችው መሐንዲስ ጫማዋን አውልቃ፣ እርሳስ በጥርሷ ነክሳ በጉልበቷ ትድኻለች።

«አንቺ ልጅ! ምን ጠፋብሽ?»

«ኧረ ምንም አልጠፋብኝም፣ ጋሼ» አለች ብድግ ብላ። «ጠረጴዛው አልበቃ ብሎኝ ነው። ጠዋት ያሳለፉት የሃያ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ንድፍ ነው፤ ቅጂውን መዝገብ ቤት ከማስገባቴ በፊት ሁሉንም አንድ ላይ ልየው ብዬ… መነጽርዎን ከሆነ የፈለጉት እዚያ መስኮቱ ላይ ነው። ከትናንት ጀምሮ እዚያው ነው።»

ልጅቷ ይህን ያለችው ያለ አንዳች ተንኮል ነው። ሽማግሌው ግን ጆሯቸው ድረስ ጋሉ። ጠዋት በሠላሳ ሁለት ሉህ ላይ ማኅተም መትተዋል፤ መነጽሩ ደግሞ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር። ያፈረ ሰው ቁጣ ይቀናዋልና እሳቸውም ተቆጡ።

«ያለፈን ንድፍ ምን ያስገለብጥሻል? ማኅተሙን አላየሽውም? ታይቷል ይላል እኮ!»

«አይቼዋለሁ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ‹ታይቷል› ሲል ማን አየው ማለት ነው?»

«መሥሪያ ቤቱ ነዋ!»

«መሥሪያ ቤቱ ዓይን አለው እንዴ?»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። አማርኛችን ለጥፋተኛ መሸሸጊያ አያሳጣም። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ «ሰበርኩት» አይልም፤ «ተሰበረ» ይላል፤ ብርጭቆው በገዛ ፈቃዱ ከመደርደሪያው ዘሎ የወረደ ይመስል። አድገንም ይኸው ነው። «ተልኳል፣ ተነግሯል፣ ታይቷል» እንላለን፤ ላኪው፣ ተናጋሪው፣ ተመልካቹ ግን ቢፈለግ አይገኝም።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡና ድምፃቸውን አለዘቡ። «ልጄ፣ ገና ጀማሪ ነሽ፤ አልፈርድብሽም። ንድፉን የሠራው ተቋራጩ ነው። የራሱ መሐንዲሶች አሉት። ቢሳሳት ተጠያቂውም እሱ ነው። የእኛ ሥራ ሉሁ መሟላቱን፣ ፊርማ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ደግሞስ የተማረን ሰው ‹ይሄን ከየት አመጣኸው› እያሉ ማፋጠጥ ሙያውን መናቅ አይሆንም?»

«ጥያቄ ንቀት ቢሆን ኖሮ ሐኪም ‹የቱ ጋ ነው የሚያምህ› አይልም ነበር፣ ጋሼ። ንድፉ የተቋራጩ ነው፤ ልክ ነዎት። መንገዱ ግን የሚሄድበት ሰው ነው። ተጠያቂ ፍለጋ የምንወጣው ጎርፉ የሚወስደውን ከወሰደ በኋላ ከሆነ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የአንድ ሰው ዓይን የሳተውን ሌላው ያገኘዋል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ?»

«ጊዜውስ? ሰውየው ነገ ጠዋት ሊወስደው ቀጠሮ ይዟል። ዝናቡ ሳይገባ መሬት መቆፈር አለበት። በአንቺ ጥያቄ ሥራ ይቁም?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ጋሼ።»

«እሰይ! ለእኔ ተረት ትነግሪኝ ጀመር?» አሉ፤ ግን ከንፈራቸው ሳያስቡት ፈገግ አለ።

«እሺ ተረቱን ትቼዋለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ጣትዎን ያውሱኝ። ይቺ ኮረብታ ላይ የወደቁ የዝናብ ጠብታ ነዎት እንበል። በከፍታ መስመሮቹ ላይ ቁልቁል ይውረዱ።»

ገምጋሚው ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ጣታቸው ከኮረብታው ወረደ፣ ወደ ሸለቆው ዞረ፣ ከመንገዱ መስመር ላይ ደረሰ።

«ይኸው ደረስኩ። አሁን በቱቦው ውስጥ ልለፍ።»

«ይለፉ።»

ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ ተመለሰ። «ቱቦው የታለ?»

«ዐሥራ አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ኮረብታው ወገብ ላይ። እርስዎ ያሉት ዐሥራ አራት ተኩል ላይ ነው።»

«ምን? ውሃ ሽቅብ ወጥቶ ቱቦ ሊፈልግ ነው?»

ልጅቷ ሁለት ሉሆች ጎን ለጎን አመጣች። «ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጋሼ። ድሮ የመንገዱ መነሻ ነዳጅ ማደያው ነበር። ኋላ ተቋራጩ መነሻውን ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ወስዶ አደባባዩ አደረገው። መንገዱን የሚሥሉት ሰዎች አዲሱን ቁጥር ጻፉ። የፍሳሽ ቱቦውን የሚሥሉት ግን በአሮጌው ቁጥር ቀሩ። ሉሆቹን ለየብቻ ቢያዩዋቸው አንድም ስሕተት የለባቸውም፤ ስሕተቱ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ዐሥራ አንዱም ቱቦዎች ያለ ቦታቸው ናቸው።»

«እሺ፣ እኔ ጠብታው እዚህ ቆሜ ምን እሆናለሁ?»

«ከጓደኞችዎ ጋር ይጠራቀማሉ። የመንገዱ የአፈር ሙሌት እንደ ግድብ ይይዝዎታል። አንድ ቀን ግን ንደውት ይወርዳሉ። ከሥር ያለችው ይቺ ትንሽ አራት ማዕዘን ትምህርት ቤት ናት።»

ሽማግሌው ከወለሉ መነሣት ቸገራቸው፤ የከበዳቸው ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል። በሃያ ስምንት ዓመት ማኅተማቸው ያረፈበት ንድፍ አንድም ቀን ተመልሶ አያውቅም፤ ይህ ኩራታቸው ነበር። አሁን ንድፉን ይመልሱት ቢሉ ያንን ኩራት በገዛ እጃቸው ሊያፈርሱት ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ያቺ አራት ማዕዘን አለች። «ነገ እናያለን» ብለው ምሳቸውንም ረስተው ወጡ።

ማታ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው በስፌት መኪናዋ ፊት ሸሚዝ በስፒል ስታያይዝ አገኟት። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም እንደ መቀሷ ነው።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?» አለቻቸው። የሆነውን አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። ሸሚዙን ጭኗ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«አይ አንተ ሰው! ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ ሳታስለካ ስትሰፋ ኖረሃል በለኛ! ይኸው እጅጌው ልክ ነው፣ ትከሻውም ልክ ነው። ሳልገጣጥም ብሰፋው ግን ባለቤቱ ክንዱን አያነሣም። ስፒል የማባክነው ለጌጥ መሰለህ?»

«የሰፋሽውን መተርተር አያሳፍርሽም?»

«ያሳፍራል እንጂ! ግን ሰው መካከል ደንበኛዬ ላይ ከሚተረተር እዚህ እኔ ብተረትረው ይሻላል።»

ለካ ለሃያ ስምንት ዓመት ልማድ የሚበቃው መልስ እቤት ውስጥ ኖሯል። ጋሼ ታይቷል ያን ምሽት ሁለት ጊዜ ራት በሉ፤ የምሳውንም ጨምረው።

በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ልጅቷና ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ የተቋራጩ ዋና መሐንዲስ ተሰበሰቡ። መሐንዲሱ ንድፉ ሊመለስ ነው ሲባል ማኅተም የተመታበትን ሉህ እንደ ጋሻ ብድግ አደረገ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አክባሪ ነኝ። ግን ይኸው ‹ታይቷል› ይላል። ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ ሐሳብ ይለወጣል?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው ቆሙ።

«ልክ ነህ፣ ልጄ። ማኅተሙ አይቶታል። እኔ ግን አላየሁትም። መነጽሬ እዚያ መስኮት ላይ ነበር።»

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌው አፍራለሁ ብለው የፈሩትን ያህል አላፈሩም፤ እንዲያውም ትከሻቸው ቀለል አላቸው።

«አሁን ግን አይቼዋለሁ። ያየችልኝም ይቺ ልጅ ናት። ና፣ ጣትህን አምጣ። የዝናብ ጠብታ ነህ።»

መሐንዲሱ እየሳቀ ጀመረ። ከኮረብታው ወረደ፣ ወደ ሸለቆው ዞረ፣ መንገዱ ጋ ሲደርስ ሳቁ ጠፋ። «ቱቦው… ቱቦው የት ገባ?» አለ። ግንባሩ አልቦት ወዲያው ስልኩን አወጣና ቢሮው ደወለ። «መነሻው ሲቀየር ለፍሳሽ ክፍሉ ነግራችኋል?» ብሎ ጠየቀና መልሱን ሰምቶ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«‹ተነግሯል› ይላሉ፣ ጋሼ።»

«ማን ነገራቸው በላቸው!»

ኃላፊው እንኳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ግን አልሳቀም፤ ማን እንደ ነገረ እስከ ዛሬም አልታወቀም።

መሐንዲሱ ስልኩን ዘግቶ ተነሣና ለልጅቷ እጁን ዘረጋ። «ጥያቄ ስታበዙብኝ ልታጓትቱኝ መስሎኝ ነበር። ይሄ መሬት ላይ ቢደርስ ኖሮ የሠራሁትን ቆፍሬ እንደ ገና ልሠራ ነበር፤ እሱም የከፋ ነገር ሳይደርስ ከሆነ ነው። ዘጠኝ ቀን ስጡኝ» አለ። በስምንተኛው ቀን ይዞት መጣ፤ መንገዱንና ቱቦውን ባንድ ሉህ ላይ አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት አሠራሩ ተለወጠ። ሉሆች ለየብቻ መታየታቸው ቀረ፤ ወለል ላይ ተነጥፈው እርስ በርስ ይመሳከራሉ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ጣት እንደ ጠብታ ይወርዳል። ጥያቄው በጽሑፍ ይሄዳል፣ መልሱም በጽሑፍ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ገምጋሚው በገዛ እጁ «አየሁ» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ይጽፋል። ተቋራጮቹ በመጀመሪያ አጉረመረሙ። በኋላ ግን በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ እንደሚጠፋ፣ መሬት ላይ የተገኘው ደግሞ በቁፋሮም እንደማይለቅ ስለገባቸው ጥያቄው ሲዘገይ ራሳቸው እየደወሉ «ምነው ዝም አላችሁን?» ማለት ጀመሩ። ጠያቂው ተከበረ፣ ተጠያቂው ተጠነቀቀ፤ ሥራውም ከበፊቱ ፈጠነ እንጂ አልዘገየም። ማኅተሙ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ መዝጊያውን ከነፋስ ይይዛል።

መንገዱ አልቆ በተከፈተ በዓመቱ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ለልጅቷ ደውለው «ጃንጥላ ይዘሽ ነይ» አሏትና ሁለቱ ዐሥራ አራት ተኩል ላይ ሄደው ቆሙ። ጭቃ የለበሰ ጎርፍ ከኮረብታው እያጓራ መጣ፣ መንገዱ ሥር ደረሰ፣ በቱቦው ገብቶ በወዲያኛው ወገን ወጣና በቦዩ አድርጎ ትምህርት ቤቱን አልፎ ወረደ። ከክፍሉ የልጆች የንባብ ድምፅ ሳይቋረጥ ይሰማል። አሮጊት መምህርት ብቅ ብለው መንገድ ዳር የቆሙትን ሁለት እብዶች አዩ።

«ምን ሆናችሁ ነው በዚህ ዝናብ? መኪና ተበላሸባችሁ?»

«ኧረ ምንም አልሆነም!» አሉ ሽማግሌው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ደስ እያላቸው የተናገሩት ቃል የለም። ምንም አልሆነም! ላልሆነ ነገር የሚያመሰግን የለም፤ እሳቸውም ምስጋና አላማራቸውም። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ መነጽራቸውም ረጠበ።

ልጅቷ መነጽሩን ተቀብላ በሻርቧ ጫፍ ጠረገችላቸው። «ይታይዎታል፣ ጋሼ?»

አደረጉትና ውሃውን አዩ። «አየሁ» አሉ። «አየሁ፣ ልጄ።»

መምህርቷ በሩን ከፍተው «በሉ ግቡና ተጠለሉ። አባባ፣ ስምዎን ማን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ልጅቷ ቀደመቻቸው። «ጋሼ አየሁ ይባላሉ!»

ማኅተሙን ካስቀመጡ ወዲህ ስሕተት ሲያዩ ሳያርሙ የማያልፉት ገምጋሚ ይህችን ግን ሳያርሟት አለፉ።