ለባለቤታቸው የተገዛ ቬንትሌተር

ከሞጣ ወደ ቢቸና ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ትልቅ ካርቶን ታቅፈዋል። በወዲያ ጎናቸው ያለችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ምንድን ነው?»

«የጣሪያ ቬንትሌተር። ባለቤቴ ታማ ከተኛች ወዲህ፣ ቀን ቀን የቆርቆሮው ሙቀት አላስተኛት አለ።»

«ኮርኒሱ ይችለዋል?»

«ኮርኒሱማ ጨርቅ ነው። አናጢው ከጣሪያው እንጨት ላይ መንጠቆ መታልኝ። እሷ ግን ‹ወድቆ ይገድለኛል› ብላ አሻፈረኝ አለች።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«መንጠቆውን ይዤ ተንጠለጠልሁ።»

«በዚህ ዕድሜዎ!»

«እግሬ ሲወዛወዝ አይታ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

«ከዚያስ ባለቤትዎ እሺ አሉ?»

«‹ግዛው በቃ፤ ሲከፋኝ ግን ደግመህ ትንጠለጠላለህ› አለችኝ።»

መኪናው ሲያንገጫግጨን እጄን ሰድጄ ካርቶኑን ደገፍሁላቸው።