ሳጸዳ ያጠፋሁት ፈረስ

ዳንግላ ላይ ሰርግ ስቀርጽና ሳቀናብር ነው የምውለው። አንድ ቀን የድሮው ቪዲዮ ቤት ባለቤት ጋሼ አለነ ሻጋታ የበላው የቪዲዮ ካሴት ይዘውልኝ መጡ። ሳየው ጮህኩ! ልጅ ሳለን ቪዲዮ ቤት እየተጋፋን ያየነው፣ በመንኮራኩር ሰማይ የሚወጣው ሰውዬ ተከታታይ ፊልም ነው። ያኔ እንግሊዝኛውን ማን ይሰማል? ጋሼ አለነ ከፊት ቆመው ይተርኩልን ነበር፤ ጀግናው የሚበረው የተሰረቀ ነጭ ፈረሱን ሊያስመልስ ነው ይሉናል።

ካሴቱን ጠርጌ፣ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ፣ ምስሉ ላይ የሚዘንበውን ነጭ ጭረት አንድ በአንድ ሳነሳ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የድሮዎቹን ተመልካቾች ሰብስቤ ከፈትኩላቸው። መስታወት የመሰለ ምስል! አሁን ሊያጨበጭቡልኝ ነው ስል አንዱ ተነሳ።

«ፈረሱስ?»

«የምን ፈረስ?»

«ነጩ ነዋ! ፈረስ ላይ ያደገ የአዊ ሰው ፈረስ ይጠፋዋል? በዓይኔ ያየሁትን!»

ያ ነጭ ነገር ጭረት ነበር ብል ማን ይስማኝ። «ስታጸዳ አጥፍተኸው ነው!» ብለው ተነሱብኝ። ጨንቆኝ ወደ ጋሼ አለነ ዞርኩ። እሳቸው እቴ፣ ቅንጣት አላፈሩም።

«በል የኔን ካሴት መልሰህ አስገባው» አሉኝ።

አስገባሁት። ጭረቱ መዝነብ ሲጀምር ብድግ ብለው በከዘራቸው ቴሌቪዥኑን ጠቆሙ።

«ያውላችሁ! መጣ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ምን ልበላችሁ፣ ያን ሁሉ ጭረት በእጄ የለቀምኩት እኔ ራሴ ፈረሱ ሲጋልብ አየሁት።