መብራት ሳይሄድ

ሚኒባሱ ዳባትን እንዳለፈ፣ ከኋላዬ አንድ ወጣት አዲስ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ታቅፎ ከጎኑ ከተቀመጡት ቄስ ጋር ይጫወታል።

«አሮጌው ምን አደረገህ?»

«ዘገምተኛ ነው፣ አባ። የጻፍሁትን ፕሮግራም አቀነባብሮ ሳይጨርስ መብራት ይሄዳል። ሲመጣ እንደገና ከሀ ይጀምራል።»

«ዘገምተኛው አንተ እንዳትሆን?»

«እኔማ ባለፈው ሳምንት ጨርሻለሁ።»

«ይኼስ ይፈጥናል?»

«ዲስኩ ፈጣን ነው። የምሠራባቸውን ፕሮግራሞች ጎንደር ጭኜ ሞከርሁት፤ አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው በአምስት ደቂቃ አለቀ።»

«እንግዲህ እንደ ገብስ ነው። ነፋሱ ሳለ ያላዘራ ከነገለባው ያድራል።»

«ዛሬ ካላስረከብሁ ሥራውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

«ታደርሰዋለህ?»

«መብራት ይኑር እንጂ፣ አባ፣ ምሳ ሳልበላ አስረክባለሁ።»

ደባርቅ መግቢያ ላይ፣ በመብራት የሚሠራው ወፍጮ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ብዬ መስኮቱን ከፈትሁ።