ቱቦ ከፋቹ ዱቄት በአረቄ ጠርሙስ

በአንድ የጥር ቀን አቶ አይቸው ከዳባት ገበያ አንዲት ቆርቆሮ በጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ፣ ጎንደር ተምራ በጤና ጣቢያ ከምትሠራው ከጎረቤታቸው ልጅ ከእናናዬ ጋር መንገድ ላይ ድንገት ተገናኙ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ አይቸው? የልጅዎ ሰርግ ዝግጅት እንዴት ይዟችኋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ሁሉም ተሟልቶ ነበር፤ ያ ቱቦ አዋረደኝ እንጂ!»

አቶ አይቸው በሰፈራቸው የሲሚንቶ ማጠቢያና የብረት ቱቦ በማስተከል የመጀመሪያው ሰው ነበሩ። ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም፤ ያልጠየቃቸውንም ሰው አስቁመው ይነግሩታልና። ታዲያ ለሰርጉ ጠላ ሲጠመቅ ሴቶቹ የጋኑን እጣቢ ከነጌሾው ከነአተላው ሲደፉበት ሰነበቱና ቱቦው ድፍን አለ።

«ግድ የለም፣ መድኃኒቱን አግኝቻለሁ» አሉና ቆርቆሮዋን ብቅ አደረጓት። «ኮስቲክ ሶዳ ይሏታል። የደፈነውን ሁሉ ጠራርጋ ትወስዳለች አለኝ ነጋዴው።»

እናናዬ ቆርቆሮዋን አይታ ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ይህ እኮ ሥጋ የሚበላ ነገር ነው። እጅ ቢነካ ይልጣል፣ ዓይን ቢገባ ያሳውራል። የፈላ ውኃ ሲያገኝማ ገንፍሎ ፊት ላይ ይረጫል።»

«እናንተ የዛሬ ልጆች ስታስፈራሩ! እናቶቻችን በአመድ ውኃ ልብስ ሲያጥቡ ኖሩ፤ ማን ታወረ? ይህም ያው የፈረንጅ አመድ ነው።»

«ዝምድናውስ አለ፤ አልተሳሳቱም። ግን የአመድ ውኃ ደካማ ሆኖ እንኳ የእናቶቻችንን ጣት ሲሰነጣጥቅ ኖሯል። ይህ ከዚያ እጅግ የበረታ ነው። ጠጉርና ስብ የሚያሟሟ ነገር ለጉሮሮ ይራራል?»

«ማን ሊጠጣው ልጄ? ጠጪው ቱቦው!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ባለፈው የገዛሁትንማ በውኃ በጥብጬ አኑሬዋለሁ። ገና አላፈሰስሁትም፤ ያንስ ይሆናል ብዬ ይህን ጨመርሁ።»

«በምን አኖሩት?»

«በአረቄ ጠርሙስ ነዋ። ሌላ ጠርሙስ ከወዴት ይመጣል?»

«ጠርሙሱስ የት ነው?»

«ከመደርደሪያው ላይ፣ ከአረቄዎቹ ጎን።»

እናናዬ እርምጃዋን አፈጠነች። አቶ አይቸው «ምን ያሯሩጥሻል?» እያሉ በሳቅ ተከተሏት። የሚያሯሩጠውን ነገር ቢያውቁት ኖሮ ቀድመዋት ይሮጡ ነበር።

ከቤት ሲደርሱ የነፍስ አባታቸው መምሬ ኪዳነ ማርያም ስለ ሰርጉ ሊመክሩ መጥተው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ደግሞ እንግዳ በደረቁ አይቀመጥም ብለው ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አውርደዋል። በአገራችን ደንብ ቀጂ ከእንግዳው በፊት ከመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ወይዘሮ ያለምወርቅም ቡሹን ነቅለው፣ ግራ መዳፋቸውን አጉድጉደው፣ ጠርሙሱን ዘንበል ሊያደርጉ ነበር።

መንገዱን ሙሉ ሲሳለቁ የመጡት ሰው ጠርሙሱን ሲለዩት ከደጃፉ ላይ ጮኹ። «ተዪው! ያለም፣ ተዪው!» ጩኸታቸው ከጎረቤት ተሰማ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ደንግጠው ቀጥ አሉ፤ እናናዬም ጠርሙሱን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደችው።

«ምን ሆንህ አንተ ሰው? በመምሬ ፊት!»

አቶ አይቸው ከመደቡ ላይ ዘጭ አሉና ሁሉንም ተናገሩ። መምሬ ኪዳነ ማርያም አማተቡ። «ይክበር ይመስገን! ከእሷ ቀጥሎማ ተረኛው እኔ ነበርሁ» ቢሉ ሁሉም ሳቁ፤ አቶ አይቸው ግን አልሳቁም።

እናናዬ ከጠርሙሱ ጥቂት ወደ ሸክላ ሳህን ቀዳች፤ ከአጎዛው ጥቂት የበግ ጠጉር ነጭታም ጨመረችበትና ሰው እንዳይነካው ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ቱቦው ሄዱ። ከሥሩ ባልዲ አኖሩ፤ አቶ አይቸው መታጠፊያውን በእጃቸው ፈቱት፤ በሽቦ ሲጎረጉሩት የጌሾ ቅጠልና አተላ ተግተልትሎ ወጣ። መታጠፊያውን መልሰው ገጥመው የፈላ ውኃ ሲያወርዱበት ቱቦው ጉልጭ ጉልጭ ብሎ ተከፈተ። አቶ አይቸው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«አየህ አይቸው፣ በሽቦ!» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ። «ቆርቆሮዋን ለነጋዴው መልስለት።»

«አተላውን ከእንግዲህ ለከብቶቹ ስጡት» አለች እናናዬ። «ቱቦው አይደፈንም፣ ላሟም ትጠግባለች። እንዲህ ያለ ነገር ግድ ቢሆን እንኳ በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥ፤ ሰውነት ከነካም ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ጠርሙሱን እኔ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።»

ሲመለሱ ሳህኑን አዩት። የበጉ ጠጉር የለም፤ በቦታው እንደ ንፍጥ ያለ ዝልግልግ ነገር ተንሳፏል።

አቶ አይቸው ቀርበው ተመለከቱት። «ተሸነፍሁ ልጄ» አሉ። «ነገ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርቼ ሽቦዬን አሳያለሁ። ይህን ዱቄት የገዛም ካለ ከእኔ ይማር።»

ከዚያ መምሬም እናናዬም እያዩ፣ ከተጋቡ ጀምሮ በሰው ፊት አድርገው የማያውቁትን አደረጉ፤ የሚስታቸውን ግራ እጅ ያዙና ያን ጠብታ ሊቀበል የነበረውን መዳፍ ዘርግተው ሳሙት።