ስለ ጋሽ ጂየን ጣት

እስቲ አንዴ ጆሯችሁን ስጡኝ። ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ፤ ቃል ግን አልገባም። ማይክሮፎኑን ውሰዱልኝ፣ ያለሱም ትሰሙኛላችሁ። ወረቀት ላይም ጽፌ ነበር። ከቤት ስወጣ ጋዙን ዘግቼው እንደሆነ ሦስቴ ተመልሼ ሳይ፣ ወረቀቱን እዚያው ምድጃው አጠገብ ረስቼው መጣሁ። ታውቁኛላችሁ፣ ሹ-ጁ እንዲህ ናት።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብርጭቆ ከማንሳታችን በፊት ስለ ጋሽ ጂየን ጣት የምናገረው አለኝ። ሁላችሁም የምታውቁት ወሬ ልክ አይደለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ ሲመለስ ኖሯል። ዛሬ ካልተናገርኩት ሰኞ ጋራዥ ስገባ እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፣ የሉም። ስለዚህ ዘወር ዘወር ስል ካያችሁኝ ፈርቼ ነውና ታገሱኝ።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። ጋሽ ጂየን እኛ ጋራዥ የመጡት ስራ ፍለጋ አልነበረም። ዣንጥላ ዘርግተው ነው የመጡት፤ ያውም መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው። የሹፌሩ መስኮት ወርዶ አልወጣ ብሏቸው፣ በቀኝ እጃቸው መሪውን፣ በግራቸው ዣንጥላውን ይዘው፣ በዚያ በታኅሣሥ ዝናብ ከወደቡ እስከ እኛ በር ድረስ ነድተውታል። የከተማችን የኪሉንግ ሰው ዝናብ ለምዷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ያን ቀን መንገዱ ሁሉ ቆሞ ነው ያየው።

ያን በር እንድሠራ የሰጡት ለኔ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ጋራዥ ከገባሁ አንድ ዓመቴ ነው፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኛል። የበሩን የውስጥ ልባስ ፈታሁ፣ መስታወቱን ከማንሻው ጋር የያዙትን ብሎኖች መፍታት ጀመርኩ። እኚህ ሰውዬ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«እህቴ፣ መስታወቱን ከላይ በፕላስተር አላሰርሽውም።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጡ።»

«ይወድቃል።»

«አይወድቅም።»

ወደቀ። በሩ ውስጥ ዷ ሲል ሰፈሩ ሰማው። እሳቸው ሻያቸውን ፉት አሉና «በይ፣ አሁን ስራው ሁለት ሆነልሽ» አሉኝ። የጋራዡ የድሮ ባለቤት፣ የዋን-ዡ አባት አቶ ቱ፣ ከቢሮ ወጥተው «ይህን ያህል ካወቅክ ራስህ ሥራዋ!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ጂየን ኮታቸውን አወለቁና ሠሩት። በማግስቱ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ቱታ ተሰጣቸው። አራት ዓመት ለበሱት። እስካሁንም በዚያ ስም የሚጠሯቸው ደንበኞች አሉ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ፕላስተሩን ታውቁታላችሁ። መስታወት ብቻ አይደለም የሚያስሩበት፤ ምሳ ዕቃቸውን፣ መነጽራቸውን፣ አንዴማ የዋን-ዡን የትምህርት ቤት ጫማ። ዋን-ዡ፣ ዛሬ አለቃችን ነሽ ብዬ አልተውልሽም፤ እያለቀስሽ ነበር የሄድሽው። የበሩ ልባስ የሚያያዝባቸውን የፕላስቲክ ክሊፖች የሚያስቀምጡት ደግሞ በሻይ ስኒ ክዳን ላይ ነው፤ ከዚያ ክዳኑን መልሰው ይከድኑትና ክሊፕ ከሻይ ጋር ይጠጣሉ። «ዛሬ ሻዩ ወፍራም ነው» ይላሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ቁልፉ። በር ውስጥ እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት የመኪናውን ቁልፍ ነቅለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ማንም ይለምን፣ ማንም ይቸኩል፣ አይሰጡም። የሙሽራ መኪና ቁልፍ ይዘው ቤታቸው የገቡ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? ሙሽራው በሙሉ ልብሱ በራቸውን ሲያንኳኳ እሳቸው እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ፣ ግባና ሾርባ ጠጣ» አሉት። ይሄው ነው። ከዚያ ደግሞ ያ ጥያቄያቸው አለ፤ «እጅ ወጥቷል?» ሦስት ጊዜ ይጠይቃሉ። በር ስትዘጉ፣ ኮፈን ስታወርዱ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለችውን ፍሪጅ ስትገፉ እንኳ «እጅ ወጥቷል?»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ከእናንተ ጋር አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ምን ይነገረዋል? «ይሄ ጋሽ ጂየን ነው፣ የገዛ ጣቱን በገዛ ክርኑ የቆረጠ።» አቶ ቱ ነፍሳቸውን ይማርና ለደንበኛ ሁሉ ያወሩት ነበር። በር ውስጥ እጁን ከቶ፣ በክርኑ የመስኮቱን ስዊች ተጭኖ፣ ማንሻው አመልካች ጣቱን ወሰደው ይላሉ። ይሄ ነው ወሬው።

ወደ እሱ እመጣለሁ። ውሃ ስጡኝ። እሺ።

ባለፈው ማክሰኞ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ልንገራችሁ፤ ከሱ ውጪ ይሄን የምናገርበት ልብ አላገኝም ነበር። እኔ በር እንደማልነካ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ብሬክ ስጡኝ፣ ራዲያተር ስጡኝ፣ ከሥር ተኝቼ ጭቃ ልብላ፣ በር ግን ለሌላ ሰው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሥራ እየተለዋወጥኩ ኖርኩ። ማክሰኞ አንዲት ዓሣ ሻጭ ቫኗን ይዛ መጣች። መስኮቱ ወርዶ ቀርቷል፣ ወንበሩ በዝናብ ረጥቧል፣ ዓሣው ከኋላ አለ። ዋን-ዡ «ሹ-ጁ፣ ሥሪው። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ በር ያንቺ ነው፤ ሌላ ሰው የለኝም» አለችኝ። ጋሽ ጂየን የዘይት ጣሳ ገልብጠው ተቀመጡ።

መስታወቱን ወደ ላይ ስቤ በፕላስተር አሰርኩት። ልባሱን ፈታሁ። የድሮው ማንሻ የሽቦ ገመዱ ከመዘውሩ ወጥቶ እንደ ኑድል ተተብትቧል። አወጣሁት፣ አዲሱን አስገባሁ። ገመዱን ለማስተካከል እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ፤ እዚያው ቀረ። ክንዴ አልወጣ አለኝ። የያዘው ነገር አልነበረም። ላብ አጠመቀኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ። ዓሣ ሻጯ «ምን ሆነች?» ስትል ይሰማኛል።

ጋሽ ጂየን ከጣሳው ተነሱ። መጥተው ፊቴ ላይ ቁልፉን አሳዩኝ። «ሹ-ጁ፣ እይ። እኔ ጋ ነው። ማንም የሚጫን የለም።» እጄ ተፈታ። ጨረስኩት። መስታወቱ ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ። እሳቸው አዩና «በቃ፣ አሁን መሄድ እችላለሁ» አሉ። ቤቴ ገብቼ ልብሴን ሳላወልቅ አለቀስኩ።

እንግዲህ ይኸው። ስዊቹን የተጫንኩት እኔ ነኝ።

ያን ቀን የመጣው መኪና ታክሲ ነበር። ሹፌሩ ይቸኩላል፣ እኔ ደግሞ የአስራ አንድ ሰዓቱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እቸኩላለሁ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ነበርኩ። መስታወቱ ትንሽ ከፍ ማለት ስለነበረበት ቁልፉ አልተነቀለም። ጋሽ ጂየን እጃቸውን በሩ ውስጥ ከተው «ስነግርሽ ትጫኛለሽ» አሉኝ። ግራ እጃቸው ግንባራቸውን ሲጠርግ አየሁ። ያየሁት ያን እጅ ብቻ ነው። ቀኙ ወጥቷል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ተጫንኩት።

አቶ ቱ እየሮጡ መጡ። ከአንድ ወር በፊት «ሴት ልጅ ጋራዥ ውስጥ፤ አንድ ጥፋት ብቻ፣ ከዚያ ቤትሽ» ብለውኝ ነበር፤ ጋሽ ጂየንም ሰምተዋል። «ማነው የተጫነው?» ሲሉ ጋሽ ጂየን እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደሙ እየፈሰሰ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ «እኔ ነኝ፣ ክርኔ ነካው» አሉ።

በማግስቱ ዘይቱና ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ፣ ልናገር ብዬ ነው የሄድኩት። ሚስታቸው እትዬ ቹን-ሊ ዘይቱናውን ተቀብለውኝ መላጥ ጀመሩ። ጋሽ ጂየን አፌን ሳልከፍት «የቀረውን ብሬክ ጨረስሽው?» አሉኝ። «ነገ» አልኩ። ነገ፣ ነገ እያልኩ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

እንጀራዬን ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። ልጆቼ የተማሩት በዚያች ጣት ነው። እኔ ግን በየምሳው «በክርኑ» ሲባል አብሬ ሳቅኩ።

ምን አሉ ጋሼ? «በሩ የኔ ነበር፣ ቁልፉን መንቀል የኔ ስራ ነበር» ነው የሚሉት? አይሆንም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ዛሬም እንዲሸከሙልኝ አልፈልግም። ይቀመጡ።

ዋን-ዡ፣ የምትወስኚውን እቀበላለሁ። እሺ… ራስሽን ነቀነቅሽ፤ ቆይተን እናወራለን ማለትሽ ነው፣ ይገባኛል።

የፈራሁት ግን እርስዎን ነው፣ እትዬ ቹን-ሊ። ሦስት ወር ሸሚዛቸውን የቆለፉላቸው እርስዎ ነዎት። አቀርቅረዋል፣ ፊትዎ አይታየኝም። ከፈለጉ ይስደቡኝ፤ ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ከኋላ ላላችሁት እትዬ ያሉትን ልድገምላችሁ። «ለእኔም ክርኔ ነካው ነው ያለኝ» ነው የሚሉት። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞኝ እያልኩ ሰድቤዋለሁ። ለጎረቤት፣ ለእህቶቼ፣ ለልጄ ሚስት ሳይቀር፣ ባሌ በገዛ ክርኑ ጣቱን የቆረጠ ሞኝ ነው ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አይደለም አላለኝም።» ጋሼ፣ ለምን መሬት መሬት ያያሉ? እትዬ «ቤት እንገናኛለን» እያሉዎት ነው። ለኔ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው።

ቆይ… እትዬ፣ ተነሱ እንዴ? የማሽላ አረቄውን… ለኔ ነው የሚቀዱት? እኔ ልቅዳ እንጂ፣ እባክዎ። እሺ። እሺ። በሁለት እጄ ይዣለሁ፣ ቢፈስ ይቅር ይበሉኝ።

በሉ ሁላችሁም ተነሱ፣ ብርጭቆአችሁን ያዙ። ጋሽ ጂየን፣ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ጠዋት ጠዋት ወደቡ ዳር ሲሄዱ ጉልበትዎ አይድከም፣ ዓሣው ይያዝልዎ፣ የልጅ ልጅ ይከተልዎ። እኔ ሰኞ እፈራለሁ፤ ማክሰኞም እፈራ ይሆናል፤ በሮቹን ግን እሠራቸዋለሁ። እንግዲህ እንጠጣ፤ ሰው ከስራው እንዳይባረር ብለው፣ ከሚስታቸው አፍ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሞኝ መባልን ለቻሉት ሰው። ለጋሽ ጂየን።